ለኤንክሌክስ ከሰበሰብኳቸው መጻሕፍት የትኛውን ልያዝ?

ጥያቄ፦ በአገር ቤት በዲግሪ ተመርቄ ለ6 ዓመታት በውስጥ ደዌ ክፍል በነርስነት ሠርቻለሁ። አሁን የምኖረው አሜሪካ ነው፤ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ በሌሊት ሺፍት በነርስ ረዳትነት እየሠራሁ ለኤንክሌክስ አርኤን፣ ማለትም አርኤን ለሚባለው የተመዘገበ ነርስ የአሜሪካ የሥራ ፈቃድ ፈተና እዘጋጃለሁ። በቅርቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ተፈትኜ አላለፍኩም። ኮምፒዩተሩ እስከ 150ኛው ጥያቄ ድረስ ወስዶኝ ነበር። እጄ ላይ 3 ወፋፍራም የክለሳ መጻሕፍት አሉኝ፤ ሁለቱን ከእኔ በፊት የተፈተነች ጓደኛዬ ናት የሰጠችኝ። ለ2 የጥያቄ ባንኮች (በኢንተርኔት የሚሠሩ የልምምድ ጥያቄዎች ስብስቦች) እከፍላለሁ፤ በቴሌግራም የሰበሰብኳቸው ብዙ የፒዲኤፍ ፋይሎችም አሉኝ፤ የዩቲዩብ ትምህርትም እከታተላለሁ። አንዷ ጓደኛዬ "ሌላውን ሁሉ ትተሽ ጥያቄ ብቻ ሥሪ" ትለኛለች፤ ሌላዋ ደግሞ "ትምህርቱን ሳትከልሺ ጥያቄ መሥራት ጊዜ ማባከን ነው" ትለኛለች። ሦስተኛ የጥያቄ ባንክ ልግዛ ወይስ በቀጥታ የሚሰጥ የክለሳ ኮርስ ልመዝገብ እያልኩ አመነታለሁ፤ አቅሜ ሁለቱንም አይችልም። የውጤት ዝርዝሩ ተልኮልኛል፤ ከፍቼ ለማየት ግን ልቤ አልፈቀደም። የትኛውን ልምረጥ?

ውድ ሲስተር፣

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ያለዎትን ሁሉ በጥንቃቄ ዘርዝረዋል፤ ይሁን እንጂ ለምርጫዎ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው በመጨረሻው ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፉት፣ ገና ያልከፈቱት የውጤት ዝርዝር ነው። በሙያው ለዓመታት የሠራ ሰው "አላለፍክም" የሚል ወረቀት ሲደርሰው ዳግመኛ ላለማየት መሸሹ ይገባኛል፤ እኔም ነርስ ነኝ፣ የፈቃድ ፈተና ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ አውቃለሁ። ነገር ግን ያንን ወረቀት ሳያዩ ሦስተኛ የጥያቄ ባንክም ሆነ ኮርስ ቢገዙ፣ ገንዘብዎ የሚወጣው ምናልባት ለሌለብዎት ድክመት ይሆናል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የምመክርዎ ገንዘብዎን ይዘው እንዲቆዩ ነው።

እስከ 150ኛው ጥያቄ ስለመድረስዎ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው በተሳሳተ መንገድ ስለሚተረጉመው። በኤንክሌክስ ኮምፒዩተሩ የተፈታኙን መልስ እያየ ቀጣዩን ጥያቄ ይመርጣል። ተፈታኙ በትክክል የመመለስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ገደማ የሆነ ጥያቄ እያቀረበ፣ ችሎታው ከማለፊያው ልክ በላይ ወይም በታች መሆኑን በ95 በመቶ እርግጠኝነት ለመወሰን እስኪችል ድረስ ይቀጥላል። ዝቅተኛው የጥያቄ ብዛት 85፣ ከፍተኛው 150 ነው፤ ከእነዚህ ውስጥ 15ቱ ለወደፊት ፈተናዎች የሚሞከሩ በመሆናቸው ነጥብ አይያዝባቸውም። እንግዲህ እስከ መጨረሻው ጥያቄ መሄድዎ የሚያሳየው ኮምፒዩተሩ እስከዚያች ሰዓት ድረስ በእርግጠኝነት መወሰን እንዳልቻለ፣ ማለትም ችሎታዎ ከማለፊያው ልክ አጠገብ እንደነበረ ነው። ይህን የምለው ለማጽናናት ብቻ አይደለም፤ ለመጻሕፍት ምርጫዎ ትርጉም ስላለው ነው። ከማለፊያው አጠገብ የደረሰ ሰው የነርሲንግን ትምህርት ከሀ እስከ ፐ እንደ አዲስ የሚያስጀምረው ጥራዝ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው በየትኞቹ ቦታዎች ላይ እንደሚሳሳትና ለምን እንደሚሳሳት ለይቶ የሚያሳየው መሣሪያ ነው።

የውጤት ዝርዝሩም የሚነግርዎ ይህንኑ ነው። የፈተናው የይዘት ክፍሎች በተራ ተዘርዝረው፣ በእያንዳንዱ ክፍል ከማለፊያው ልክ በላይ፣ አጠገብ ወይም በታች መሆንዎ ተጽፎበታል። ይህን ወረቀት ፈተናውን የሚያዘጋጀው የክፍላተ ግዛት የነርሲንግ ቦርዶች ብሔራዊ ምክር ቤት በድረ ገጹ ላይ ያለ ክፍያ ከሚያወጣው የፈተና ዕቅድ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠው ያንብቡት። በደብዳቤዎ ውስጥ የፈተናውን ዕቅድ አለማየቴ ገርሞኛል፤ ስንቱ ተፈታኝ የመጽሐፍ ማውጫ ሲከተል ይከርምና ፈተናው ራሱ ከምን ከምን እንደተሠራ የሚገልጸውን ነፃ ሰነድ ሳይከፍት ለፈተና ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. በ2023ቱ ዕቅድ መሠረት ከፍተኛውን ድርሻ የያዘው የእንክብካቤ አመራር ሲሆን ከ15 እስከ 21 በመቶ ይደርሳል፤ ቀጥሎ መድኃኒትና በደም ሥር የሚሰጡ ሕክምናዎች ከ13 እስከ 19 በመቶ፣ ከሕመም ጋር የሚመጣን የሰውነት ለውጥ መከታተልና ማከም ከ11 እስከ 17 በመቶ፣ ደኅንነትና የኢንፌክሽን ቁጥጥር ከ10 እስከ 16 በመቶ፣ የአደጋ ሥጋትን መቀነስ ከ9 እስከ 15 በመቶ ይይዛሉ። ጤናን ማጎልበት፣ የሥነ ልቦናና የማኅበራዊ ኑሮ ጉዳዮች እንዲሁም መሠረታዊ እንክብካቤ እያንዳንዳቸው ከ6 እስከ 12 በመቶ ናቸው። አንድ ተፈታኝ ከማለፊያው በታች የተባለው በመሠረታዊ እንክብካቤ ብቻ ከሆነና ሌላው በእንክብካቤ አመራር ከሆነ፣ ሁለቱ የሚገዙት መጽሐፍ አንድ ዓይነት ሊሆን አይችልም።

አሁን ወደ መጻሕፍቱ ልምጣ። ከጓደኛዎ የተረከቧቸውን የሁለቱን መጻሕፍት የኅትመት ዓመት ይመልከቱ። ፈተናው እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 1 ቀን 2023 ጀምሮ በአዲስ መልክ እየተሰጠ ነው፤ ዕቅዱም በየ3 ዓመቱ ይከለሳል። ከዚያ ቀን ወዲህ እያንዳንዱ ተፈታኝ ነጥብ የሚያዝባቸው 3 የታማሚ ታሪኮች ይቀርቡለታል፤ በእያንዳንዱ ታሪክ ሥር 6 ጥያቄዎች አሉ። ጥያቄዎቹም ነርስ በአልጋ አጠገብ ቆማ የምታስበውን ሐሳብ በቅደም ተከተል ይከተላሉ፦ የትኛው ምልክት ትኩረት እንደሚሻ መለየት፣ ምልክቶቹን አገናዝቦ መተንተን፣ ሊኖሩ ከሚችሉት ችግሮች ለየትኛው ቅድሚያ እንደሚሰጥ መወሰን፣ መፍትሔ ማፍለቅ፣ እርምጃ መውሰድና ውጤቱን መገምገም። የነጥብ አሰጣጡም ተለውጧል። ቀድሞ "የሚመለከተውን ሁሉ ምረጡ" የሚለው ጥያቄ ሁሉንም ካላገኙ ዜሮ የሚያሰጥ ነበር፤ አሁን ትክክለኛ ምርጫ ነጥብ ሲጨምር የተሳሳተ ምርጫ ነጥብ ይቀንሳል፣ ድምሩ ግን ከዜሮ አይወርድም። በአሮጌ መጽሐፍ የሠለጠነ ሰው በዚህ ዓይነት ጥያቄ ላይ ወይ ከመጠን በላይ ይፈራል ወይ ሁሉንም ምልክት ያደርጋል፤ ሁለቱም ያስከፍላሉ።

ይህ ማለት አሮጌው መጽሐፍ ሁሉ ይጣል ማለት አይደለም። የኩላሊት አሠራር ከ2023 በፊትም በኋላም ያው ነው፤ ስለ በሽታ አመጣጥ የተጻፈው ምዕራፍ ጥሩ ከሆነ ዛሬም ያገለግላል። የማያገለግለው በመጽሐፉ መጨረሻ ያለው የጥያቄ ክፍልና ስለ ፈተናው አሰጣጥ የሚናገረው መግቢያ ነው። ስለ ክትባት፣ ስለ ልብና ሳንባ ማነቃቂያ ቅደም ተከተል፣ ስለ ኢንፌክሽን መከላከያ ጥንቃቄዎች የሚናገሩ ገጾችንም ከአሮጌ መጽሐፍ ላይ አያጥኑ፤ እነዚህ መመሪያዎች በየጊዜው ይሻሻላሉ።

አሁን ከያዟቸው 3 መጻሕፍትና 2 የጥያቄ ባንኮች የትኛው እንደሚሻል እንዴት ይወስናሉ? አብዛኛው ሰው የሚያደርገው የማያውቀውን ርዕስ ከፍቶ "ይህ መጽሐፍ ጥሩ ያስረዳል" ብሎ መወሰን ነው። እኔ የምመክርዎ የዚህን ተቃራኒ ነው። በማናውቀው ርዕስ ላይ ማንኛውም ጽሑፍ አዋቂ ይመስለናል፤ የጎደለውን ለማየት የሚያስችል እውቀት ስለሌለን ነው። ይልቁንስ በደንብ የሚያውቁትን፣ በእጅዎ የሠሩበትን ርዕስ ይውሰዱ። እርስዎ 6 ዓመት በውስጥ ደዌ ክፍል ሠርተዋል፤ እንግዲያውስ የልብ ድካም ታማሚን ይምረጡና በሦስቱም መጻሕፍትና በሁለቱም ባንኮች ውስጥ እንዴት እንደቀረበ ያወዳድሩ። ማን እንደሚያብራራ፣ ማን አድበስብሶ እንደሚያልፍ ወዲያው ይታይዎታል።

በተለይ የጥያቄ ባንክን ስትመዝኑ ትልቁ ነገር የጥያቄው ብዛት አይደለም፤ ከመልሱ በኋላ የሚሰጠው ማብራሪያ ነው። ምን ማለቴ እንደሆነ በምሳሌ ላስረዳ። በልብ ድካም የተኙ የ72 ዓመት ሴት ዲጎክሲን የተባለውን የልብ መድኃኒትና ፉሮሴማይድ የተባለውን ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ይወስዳሉ እንበል። ጠዋት ላይ ማቅለሽለሽ ጀምሯቸዋል፣ የምግብ ፍላጎታቸው ጠፍቷል፣ በብርሃን ዙሪያ ቢጫ ክብ እንደሚታያቸው ይናገራሉ፤ የፖታስየም መጠናቸው 2.9 ነው። ጥያቄው ነርሷ በቅድሚያ ምን ማድረግ እንዳለባት ይጠይቅና አራት ምርጫ ያቀርባል፦ የማቅለሽለሽ ማስታገሻ መስጠት፣ የጠዋቱን ዲጎክሲን ሳይሰጡ ለሐኪሙ ማሳወቅ፣ ፖታስየም ያለው ምግብ እንዲበሉ ማበረታታት፣ የዓይን ሐኪም እንዲያያቸው መጠየቅ።

ደካማ ባንክ ከመልሱ በኋላ "ትክክለኛው ሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱም ታማሚዋ የዲጎክሲን መመረዝ ምልክት አላቸው" ብሎ ያልፋል። ይህ ዓረፍተ ነገር እውነት ቢሆንም እርስዎን አላስተማረዎትም፤ ቀድሞውንም ያውቁት ነበር። ጠንካራ ባንክ ግን ፉሮሴማይድ ፖታስየምን በሽንት እንደሚያስወጣ፣ ፖታስየም ሲያንስ ዲጎክሲን በልብ ጡንቻ ሕዋስ ላይ ይበልጥ አጥብቆ እንደሚይዝ፣ በዚህም ምክንያት በደም ውስጥ ያለው የመድኃኒቱ መጠን ከተለመደው ልክ ሳያልፍ እንኳ መመረዝ ሊከሰት እንደሚችል ያስረዳል። ከዚያ ወደ ቀሩት ምርጫዎች ይሄዳል፤ ማስታገሻ መስጠት ምልክቱን እንደሚሸፍን፣ ምግብ ደግሞ 2.9 የደረሰን ፖታስየም በሚፈለገው ፍጥነት እንደማያስተካክል፣ የእይታ ለውጡ የዓይን ሕመም ሳይሆን የመድኃኒቱ ምልክት መሆኑን ይነግርዎታል። በመጨረሻም ከመድኃኒቱ በፊት የልብ ምት በደረት ላይ ለሙሉ 1 ደቂቃ እንደሚቆጠርና በአዋቂ ሰው ከ60 በታች ከሆነ መድኃኒቱ ሳይሰጥ እንደሚቆይ ያስታውስዎታል። እንዲህ ዓይነቱን አንድ ጥያቄ በሚገባ የመረመረ ሰው የተማረው ስለ ዲጎክሲን ብቻ አይደለም፤ ነገ ስለ ሌላ መድኃኒት ሲጠየቅም የሚሸፍነውን፣ የሚዘገየውንና የሚያሳስተውን ምርጫ ለይቶ ለመጣል ዓይኑ ተከፍቷል። ስለዚህ ከሁለቱ ባንኮችዎ የተሳሳቱትን ምርጫዎች አንድ በአንድ ለምን ስሕተት እንደሆኑ የሚያብራራውን ያስቀሩ።

የሁለቱ ጓደኞችዎ ክርክርም በዚሁ መንገድ የሚፈታ ይመስለኛል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚናገሩት ግን ስለተለያየ ስሕተት ነው። አንድ ደብተር ያዘጋጁና የሳቱትን ጥያቄ ሁሉ ከምክንያቱ ጋር ይመዝግቡ። ምክንያቱ ከሞላ ጎደል ከሦስቱ አንዱ ይሆናል፦ ወይ ጉዳዩን አላወቁትም፤ ወይ እያወቁት ጥያቄውን በትክክል አላነበቡትም፤ ወይ ደግሞ ሁለት ምርጫዎች ላይ ቆመው የተሳሳተውን ወሰዱ። የመጀመሪያው ዓይነት ስሕተት መጽሐፉን ከፍተው ያንን ርዕስ ብቻ እንዲያነቡ ይጠይቃል፤ እዚህ ላይ ሁለተኛዋ ጓደኛዎ ትክክል ናት። ሁለተኛው የማንበብ ጉዳይ ስለሆነ ምንም ያህል መጽሐፍ ቢገዙ አይፈወስም፤ "በቅድሚያ"፣ "ተጨማሪ ማብራሪያ የሚያስፈልገው"፣ "ያልተጠበቀ" የሚሉትን ቃላት እያሰመሩ በዝግታ ማንበብን ይሻል። ሦስተኛው የውሳኔ ጉዳይ ነው፤ የሚስተካከለውም ብዙ ጥያቄ እየሠሩ ማብራሪያውን እስከ መጨረሻው በማንበብ ነው፤ በዚህ ደግሞ የመጀመሪያዋ ጓደኛዎ ትክክል ናት። ሁለት ሳምንት እንዲህ ከመዘገቡ በኋላ የትኛው ዓይነት እንደሚበዛ ይቁጠሩ። በሥራ የቆዩ ነርሶች ላይ ብዙ ጊዜ ያየሁት ሦስተኛው ዓይነት በርክቶ ነው፤ ይሁን እንጂ የእርስዎን የሚያውቀው ደብተርዎ ነው።

በአንድ ጊዜ ሁለት የጥያቄ ባንክ መሥራትን አልደግፍም። እያንዳንዱ ባንክ የራሱ የጥያቄ አቀራረብና የክብደት ደረጃ አለው፤ በአንዱ ያገኙት 60 በመቶ በሌላው ከሚያገኙት 75 በመቶ ሊበልጥ ይችላል፤ ስለዚህ ውጤትዎን ከባንክ ወደ ባንክ ማወዳደር ወይ ያለ ምክንያት ያስደነግጣል ወይ ያለ ምክንያት ያዝናናል። ደግሞም ሰው ሁለት ሲኖረው የአንዱ ማብራሪያ ሲከብደው ወደ ሌላው ይሸሻል። በቀን የሚሠሩት ጥያቄ ብዛትም አያስጨንቅዎ። ሺፍት ባለዎት ቀን 15 ጥያቄ ሠርተው ሁሉንም ማብራሪያ ቢያነቡ፣ እንቅልፍ እያንጎላጀጀዎት 100 ጥያቄ ጠቅ ጠቅ ከማድረግ በእጅጉ ይበልጣል። በትክክል የመለሱትንም ጥያቄ ማብራሪያ ያንብቡ፤ በግምት የተገኘ ትክክለኛ መልስ በፈተናው ዕለት ላይደገም ይችላል።

አሁን ደብዳቤዎን ሳነብ ያሳሰበኝን ጉዳይ ላንሳ። ከዚህ አገር ውጭ የተማረች ነርስ ብዙውን ጊዜ የምትፈተነው በበሽታ እውቀቷ ላይ ብቻ እየመሰላት ወደ ወፍራሙ የውስጥ ደዌ ምዕራፍ ትመለሳለች፤ ከፍተኛውን ድርሻ የያዘው የእንክብካቤ አመራር ግን በአገር ቤት በተማርንበት መንገድ የማይታወቅ የሕግና የሥራ ክፍፍል ጥያቄ ነው። የትኛውን ሥራ ለነርስ ረዳት፣ የትኛውን ለኤልፒኤን (ከአርኤን ዝቅ ያለ ፈቃድ ላላት ነርስ) እንደምትሰጥ፣ የትኛውን ራሷ መያዝ እንዳለባት ትጠየቃለች። የመጀመሪያ ምርመራ፣ ለታማሚ ትምህርት መስጠት፣ ውጤትን መገምገምና የነርስ ፍርድ የሚጠይቅ ማንኛውም ነገር ከአርኤን እጅ አይወጣም። ሁኔታው የተረጋጋና ቀጣዩ የሚታወቅ ታማሚ ለኤልፒኤን ሊመደብ ይችላል። ገላ ማጠብ፣ ማራመድ፣ የተረጋጋ ታማሚን የሙቀትና የደም ግፊት መለካት፣ የገባና የወጣ ፈሳሽ መመዝገብ ለረዳት ይሰጣል፤ የመዋጥ ችግር ያለበትን ታማሚ መመገብ ግን አይሰጥም። ሥራ ሲሰጥም ትክክለኛ ሥራ፣ ትክክለኛ ሁኔታ፣ ትክክለኛ ሰው፣ ትክክለኛ መመሪያና ትክክለኛ ክትትል መኖሩ ይታያል።

እዚህ ላይ ለእርስዎ ከሌላው ተፈታኝ የሚልቅ አንድ ዕድል ይታየኛል። በየሌሊቱ የነርስ ረዳት ሆነው ይሠራሉ፤ ማለትም የሥራ ክፍፍሉን ከታች በኩል ሆነው በዓይንዎ ያያሉ። ነርሷ ምን ሥራ እንደምትሰጥዎ፣ ምን እንደማትሰጥዎ፣ የደም ግፊት ወርዶ ሲነግሯት ራሷ ተነሥታ መምጣቷን ልብ ይበሉ፤ ከሺፍት ሲወጡም "ይህን ለምን ራሷ ሠራችው?" ብለው ለራስዎ ይመልሱ። ነገር ግን ሥራ በበዛበት ሌሊት ደንቡ ሲጣስ ሊያዩ ይችላሉና፣ ፈተናው የሚጠይቀው ሠራተኛ ሲጎድል የሚደረገውን ሳይሆን ደንቡ የሚያዝዘውን መሆኑን አይርሱ።

የታማሚ መብትም እንዲሁ ነው። በእኛ ዘንድ ከባድ ዜና ሲኖር አስቀድሞ ቤተሰብ ይጠራል፤ ለታማሚው ቀስ ተብሎ ይነገራል፤ ይህን የምናደርገው በርኅራኄ ነው። በኤንክሌክስ ግን ራሱን የሚያውቅ አዋቂ ታማሚ ስለ ራሱ የመወሰን መብት ያለው እሱ ብቻ ነው፤ ያለ እሱ ፈቃድ መረጃው ለልጁም ለባለቤቱም አይነገርም። ቋንቋ የማይችል ታማሚ ሲኖር በሙያው የሠለጠነ አስተርጓሚ ይጠራል እንጂ የቤተሰብ አባል እንዲያስተረጉም አይደረግም። ለቀዶ ሕክምና ስምምነት ሲፈረም ስለ ሕክምናው የማስረዳቱ ኃላፊነት ሕክምናውን የሚሰጠው ሐኪም ነው፤ ነርሷ ፊርማውን ትመሰክራለች፣ ታማሚው አለመረዳቱን ካየች ደግሞ ሐኪሙን መልሳ ትጠራለች። ከ3ቱ መጻሕፍትዎ ለእነዚህ ጉዳዮች ሰፊ ቦታ የሰጠውን ያስቀሩ፤ የውስጥ ደዌው ምዕራፍ ትንሽ ቢሳሳም ያንን በልምድዎ ይሞሉታል።

በቴሌግራም ስለሰበሰቧቸው ፋይሎች ግልጽ ልሁን። ከመካከላቸው "በቅርቡ የወጡ የፈተና ጥያቄዎች" የሚል ስም ያላቸው ካሉ ዛሬውኑ ያጥፏቸው። እያንዳንዱ ተፈታኝ የፈተናውን ጥያቄ ላለማውጣት ይስማማል፤ ይህን የጣሰ ሰው ውጤቱ ሊሰረዝበት ይችላል፤ ይህን ያህል ደክመው በዚህ ምክንያት መሰናከል የለብዎትም። ከሕጉም ባሻገር ምንም አይጠቅሙም፤ ለእያንዳንዱ ተፈታኝ ጥያቄ የሚመረጠው በመልሱ ላይ ተመሥርቶ ከትልቅ ክምችት ስለሆነ፣ ሌላ ሰው ከትዝታው የጻፈው ለእርስዎ ይመጣል ማለት አይቻልም። የባሰው ደግሞ መልሶቻቸው ነው፤ ማን እንደሞላቸው የማይታወቁ መልሶችን ደጋግመው ያነበቡ እንደሆነ ስሕተቱ እንደ እውቀት ሆኖ ይቀመጣል። ሰዎች ያዘጋጇቸው አጫጭር ማስታወሻዎች፣ ለምሳሌ የላቦራቶሪ ልክ ሠንጠረዥ ወይም የኢንፌክሽን መከላከያ ጥንቃቄ ዝርዝር፣ አንድ አንድ ቢያስቀሩ ክፋት የለውም፤ አስቀድመው ግን ከመጽሐፍዎ ጋር ያመሳክሯቸው።

የዩቲዩብ ትምህርት ለከበደዎት ርዕስ ብቻ ይሁን፤ እየሰሙ መረዳት ቀላል ስለሆነ ሰዓቱ ሳይታወቅ ያልፋል፣ ውሳኔ የመስጠት ልምምድ ግን አይገኝበትም። በአማርኛ የሚያስረዱትንም አልቃወምም፤ አንድን የከበደ ጉዳይ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መስማት ያሳርፋል፤ ያንን ርዕስ ተረድተው ሲጨርሱ ግን በዚያው ቀን በእንግሊዝኛ ጥያቄዎች ይሥሩበት፤ ፈተናው የሚጠይቅዎ በዚያ ቋንቋና በዚያ የቃላት አመራረጥ ነው። መድኃኒቶችንም በንግድ ስማቸው ሳይሆን በጀነሪክ ስማቸው ያጥኑ። በክፍሉ ውስጥ "ላሲክስ" እያልን የለመድነው መድኃኒት በፈተናው ላይ የሚመጣው ፉሮሴማይድ ተብሎ ነው።

በቀጥታ የሚሰጠው ኮርስ ለአንዳንድ ሰው ይጠቅማል፤ በተለይ ከትምህርት ብዙ ዓመት የራቀና ብቻውን ፕሮግራም ይዞ መቀጠል ላልቻለ ሰው። እርስዎ ግን በሌሊት ሺፍት እየሠሩ ጠዋት ላይ ለ4 ሰዓት ትምህርት መቀመጥዎ ያሳስበኛል። የውጤት ዝርዝሩ በአብዛኞቹ ክፍሎች ከማለፊያው በታች መሆንዎን ካሳየ ኮርሱን እንደገና እናስብበት፤ እስከ 150 የሄደ ተፈታኝ ግን ብዙውን ጊዜ እንደዚያ ዓይነት ወረቀት አይደርሰውም። ሦስተኛ የጥያቄ ባንክ ደግሞ አያስፈልግዎትም። ከያዟቸው ከሁለቱ አንዱን ሲተዉ ክፍያው በራሱ እየታደሰ እንዳይቀጥል መሰረዝዎን ያረጋግጡ፤ የሚያስቀሩትንም ከማደስዎ በፊት የሳቷቸውን ጥያቄዎች ብቻ ለይቶ መልሶ የሚያቀርብ መሆኑን ይዩ። ገንዘብ ከተረፈዎ ወደ መጨረሻ አካባቢ ለሚሠሩት፣ ከፈተናው ጋር በሚመሳሰል ሁኔታ ለሚሰጥ አንድ ሙሉ የልምምድ ፈተና ይያዙት። ያንን ሲሠሩ ሙሉውን 5 ሰዓት ከሺፍት ባረፉበት ቀን ይቀመጡ፤ በፈተናው ያለፉት ጥያቄ ላይ መመለስ ስለማይቻል በልምምዱም አይመለሱ።

በምክር ቤቱ ደንብ መሠረት በሁለት ፈተናዎች መካከል ቢያንስ 45 ቀን ማለፍ አለበት፤ የሚኖሩበት ክፍለ ግዛት የነርሲንግ ቦርድ ከዚህ የረዘመ ጊዜ ሊወስን ስለሚችል ቀጠሮ ከመያዝዎ በፊት ይጠይቁ። ቀኑ ስለተፈቀደ ብቻ ለመቀመጥ አይቸኩሉ። የሁለቱ ሳምንት ምዝገባዎ ተቆጥሮ፣ ከማለፊያው በታች የተባሉት ክፍሎች አንድ ጊዜ ከተከለሱ በኋላ ቀኑን ቢወስኑ ይሻላል።

በሚቀጥለው የዕረፍት ቀንዎ የውጤት ዝርዝሩን ይክፈቱና ከማለፊያው በታችና አጠገብ የተባሉትን ክፍሎች በደብተርዎ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፏቸው፤ ከዚያ የልብ ድካሙን ምዕራፍና ጥያቄዎች በያዟቸው ሁሉ ላይ አወዳድረው አንድ መጽሐፍና አንድ ባንክ ያስቀሩ። የክፍሎቹን ስምና ያስቀሯቸውን ሁለቱን ጽፈው ቢልኩልኝ፣ በየትኛው ክፍል ጀምረው በምን ቅደም ተከተል እንደሚቀጥሉ ከሺፍትዎ ጋር አስማምቼ እመልስልዎታለሁ።